ንጹሕ ሆኖ የመጣው ሸሚዝ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርትና ቃሪያ ልገዛ ገበያ ወርጄ ነበር። ዘንቢሌን ሞልቼ ባጃጅ ልጠራ ስል አንዲት ከቦኬ የመጣች ሴት መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ እንዶድ ዘርግታ አየሁ። እንዶድ ገበያ ላይ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ዛሬ ሰው ሁሉ በላስቲክ የታሸገ የዱቄት ሳሙናውን ገዝቶ ነው የሚሄደው። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አነሳሁና በመዳፌ አሸት አሸት ባደርገው ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ሴትዮዋ ከትከት ብላ ስቃ «የርሐሙኪላህ!» አለችኝ፤ ቀና ብላ ነጠላዬን ስታይ ደግሞ «ይማርሽ እናቴ» ብላ ጨመረችልኝ። በኦሮምኛ ዋጋ ተከራከርን። አንዱን ጣሳ ስልሳ ብር ብትለኝ «እኔ ልጅ ሳለሁ እኮ በአስር ሳንቲም ነበር» አልኳት። «ታዲያ ያኔ ለምን ገዝተሽ አላስቀመጥሽም?» አለችኝ። ስቄ ስልሳ ብሩን ቆጠርኩላት።

ቤት ስገባ ልጄ ሊዲያ ዘንቢሌን ከእጄ ተቀብላ ውስጡን አየችና «እማ፣ ደግሞ ይኼ ምንድን ነው? ማሽኑ እያለልሽ!» አለችኝ። ማሽኑስ አለ። አምና ከድሬዳዋ አስጭና አምጥታልኛለች፤ እግዜር ይስጣት፣ አልጠላሁትም። ነገር ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም አቅሙ ደክሞ፤ ውሃው ሲመጣ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል፤ ሁለቱ ተስማምተው አብረው የመጡበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ማሽኑ ጥልፍ ለብሶ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞልናል። እኔም ስድሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ በሳፋ አጥባለሁ። «እጅሽ እኮ ያብጣል» ብላ ትቆጣኛለች። እውነቷን ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣቶቼ አልታዘዝ ይሉኛል። ውሃና መብራት ቢሟሉስ እተወው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ የምተወው አይመስለኝም። ሳጥብ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እያየች ከራሴ ጋር የማወራ ይመስላታል። ለምን እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም።

ከቦኬ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት አስራ አንደኛ ክፍል ልማር ነበር፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ ከተማው በወረቀት አሰበ ተፈሪ ነው የሚባለው፤ ገበሬው ግን ያኔም ጭሮ ነበር የሚለው። በጫት መኪና ከሹፌሩና ከረዳቱ መሀል ተጣብቄ፣ የቆርቆሮ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስገባ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከመስጊዱ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ለበረንዳ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዛሬ ያ ቦታ የሞባይል ሱቅና የጁስ ቤት ሆኗል። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አሳድገው፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ መሬቱን እየጠረጉ ነበር የሚሄዱት። ሴቶቹ ደግሞ ቴትረን ቀሚስ። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ አስር ሳንቲም፣ ቢጫው የልብስ ሳሙና ግን ሲገኝ ነው፤ ሲጠፋ ሁላችንም ወደ እንዶድ ነበር የምንሮጠው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ መዝሙር ይለቅቃል። እኛ ደግሞ የራሳችንን መዝሙር በአፍንጫችን ነበር የምናንጎራጉረው፤ የጸሎት ቤታችን በር ከታሸገ ስድስት ወር ሆኖት ነበርና ቃላቱን አውጥቶ የሚዘምር አልነበረም።

ያረፍኩት አባቴ በጸሎት ቤት የሚያውቃቸው ባልና ሚስት ዘንድ ነው። ጋሽ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ፈገግ የሚሉ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ልጅ አልነበራቸውም፤ ለዚህም ይሁን ለሌላ፣ ቤታቸውን ሲጠርጉ ጠላት እንደሚያባርር ሰው ነበር የሚጠርጉት። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሥራ አልወድም ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ልብስ ማጠብ ነው። የተማርኩት ራሱ ከሳፋ ለመገላገል ይመስለኛል፤ ዲፕሎማ ያላት ሴት ልብስ ታጥባለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ አስካለ ይኼን አውቀውብኛል። ለእሳቸው ግን ሥራ ሁሉ ጸሎት ነበር። ሳህን ሲያጥቡ «የሚበላ ስለነበረ ተመስገን» ይላሉ። አመድ ሲያወጡ «እሳት ስለነበረ ተመስገን» ይላሉ። የጭቃ እግር ወለሉን ሲያበላሽባቸው እንኳ መጥረጊያቸውን ያነሱና «የሚመጣ ሰው ስላለ ተመስገን» ይላሉ። እኔ በልቤ እስቅባቸው ነበር። እግዚአብሔር ስለ አመድ ምስጋና ተቀብሎ ምን ያደርግለታል እል ነበር።

ከመጣሁ አራት ወር ሳይሞላኝ ጋሽ ደምሴን ወሰዷቸው። ሱቃቸው ውስጥ ልብስ ሊያስለኩ የመጡ እየመሰሉ አምስት ስድስት ሰዎች ይጸልዩ ነበር፤ አንድ ሰው ተናገረ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሄዱት። ያኔ የታሰረ ሰው ቤተሰብ የሚያደርገው የታወቀ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለው የእስር ግቢ ይወጣል፤ ምግቡን በምሳ ዕቃ፣ ንጹሑን ልብስ በዘንቢል ለዘበኛው ይሰጣል፤ ባለፈው ሳምንት የገባው ልብስ ቆሽሾ ይወጣል። ፊት ማየት የለም፣ ወረቀት መላክ የለም። ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፣ እሱ ግን ምንም አያሳውቅም፤ የሞተ ሰው ምግብ ሳምንታት ሙሉ ሲገባ ኖሮ ዘበኞች ሲበሉት እንደነበር ሁሉም ሰምቷል። የሚታመነው ልብሱ ነው። ልብሱ ከቆሸሸ የለበሰው ሰው አለ ማለት ነው። ጋሽ ደምሴ ሁለት ሸሚዝ ነበራቸው፤ አንዱ ሰማያዊ ቴትረን፣ አንዱ ካኪ፣ ሁለቱንም ራሳቸው የሰፏቸው። አንዱ ገላቸው ላይ ሲሆን ሌላው እኛ ጋ ነው።

የምናጥበው አዴ ዘይነባ ግቢ ነበር፤ ከአጥሩ ባሻገር ያለች ጎረቤታችን ናት፤ በሰፈሩ ቧንቧ ያለው እሷ ቤት ብቻ ነው። አዴ ዘይነባ ጫት ትነግዳለች፤ ሂርና ድረስ ሄዳ ታመጣለች። በእድሜ ከእትዬ አስካለ ባታንስም አንቱ ማለት አይቻልም፤ «አንቱ ካልሽኝ አርጅቻለሁ ማለት ነው፣ ወላሂ ውሃውን እዘጋብሻለሁ» ትላለች። ቅዳሜ ከግቢው ስንመለስ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሰላምታ የላትም፤ የመጀመሪያ ቃሏ «ቆሽሿል?» ነው። «ቆሽሿል» ስንላት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ «አልሐምዱሊላህ!» ትላለች። መንገደኛ የሚሰማን ቢኖር አብደዋል ባለ።

እትዬ አስካለ ያን ሸሚዝ ሲያጥቡ ያየሁትን እስከምሞት አልረሳውም። መጀመሪያ ያሸቱታል። ከዚያ በእንዶድ ውሃ ነክረው ከኮሌታው ይጀምራሉ። የኮሌታውን ጥቁር መስመር በአውራ ጣታቸው እየፈተጉ «ስለ አንገቱ ተመስገን» ይላሉ። እጅጌውን ይዘው «ስለ ክንዱ ተመስገን»። ብብቱን ይዘው «ስላላበው ላብ ተመስገን»። የደረት ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጠው ብናኙን እያራገፉ «አሁንም ስለሚመታው ልቡ ተመስገን»። አንድ ቀን ስፌቱ ውስጥ ቅማል አይቼ ጮህኩ፤ ሸሚዙን ልወረውረው ነበር። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና ቅማሉን አዩት። «አትጩሂ ብርቄ» አሉኝ፣ «ቅማል የቀዘቀዘ ገላ ላይ አይውልም። ስለ ቅማሉም ተመስገን።» አዴ ዘይነባ ከበረንዳዋ ሆና «አስኩ፣ አሁንስ አበዛሽው! ለቅማልም አልሐምዱሊላህ?» አለች። እትዬ አስካለ ሳቁ፤ ከጋሽ ደምሴ መታሰር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። እኔም ስቄ ሳበቃ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ የካኪውን እጅጌ አንስቼ ማሸት ጀመርኩ።

በሁለተኛው ወር አካባቢ ይመስለኛል፣ ግቢው በር ላይ አብራን የምትሰለፍ አንዲት ሴት ዘንቢሏን ስትዘረጋ ዘበኛው ወደ እሷ ሳያይ «አንቺ ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለም። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ዘንቢሏን እንደያዘች ሰልፉ ውስጥ ተመልሳ ከኋላ ቆመች፣ ተራዋ ገና የሆነ ይመስል። እትዬ አስካለ ያን ካዩ በኋላ መሄድ አልቻሉም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማቸውን አድርገው በሩ ድረስ ይመጡና ተመልሰው ይቀመጣሉ። «ብርቄ፣ ያቺን ቃል በጆሮዬ ከሰማሁ እዚያው ነው የምወድቀው። አንቺ ሂጂልኝ» አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ ዘንቢሉ የእኔ ሆነ። ስድስት ቅዳሜ ሄድኩ፤ ስድስት ጊዜ የቆሸሸ ሸሚዝ ይዤ መጣሁ፤ ስድስት ጊዜ አዴ ዘይነባ እጇን አነሳች።

በሰባተኛው ቅዳሜ ብርዱ ሌላ ነበር፤ ጉሙ እስከ ቀትር አልተነሳም። ዘበኛው «የደምሴ ቤተሰብ» ብሎ ጠራኝ፣ ምሳ ዕቃውን ባዶውን፣ ዘንቢሉን ሳያየው ወረወረልኝ። የመንገዱ ጥምዝ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ሰማያዊው ሸሚዝ ንጹሕ ነው። ታጥፎ፣ ኮሌታው ከላይ ሆኖ፣ እጅጌዎቹ ወደ ጀርባ ገብተው፣ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ዕቃ ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ ንጹሑን ልከነዋል፤ ንጹሑን መለሱት። አልተለበሰም ማለት ነው። ስፌቱ አካባቢ ትንሽ እርጥበት ነበረው፤ የጉሙ ነው አልኩ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ያለቀስኩ አይመስለኝም። ያሰብኩት ስለ ጋሽ ደምሴም አልነበረም፣ ይቅር ይበለኝ። ያሰብኩት እትዬ አስካለ ኮሌታውን ይዘው ስለ ምን እንደሚያመሰግኑ ነው።

ከዚያ ያደረግኩትን ዛሬም ሳስበው ግማሹ ያስቀኛል፣ ግማሹ ያመኛል። ባሕር ዛፉ መሀል ገባሁና ሸሚዙን ከነእጥፉ ብትንትን አድርጌ ቀሚሴ ላይ ለበስኩት። አቧራ አንስቼ ኮሌታው ላይ ፈተግኩ። ግን አቧራ ብቻ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ እሳቸው መጀመሪያ የሚያሸቱት ነው። ላብ ያስፈልገኛል። ስለዚህ ዳገቱን መሮጥ ጀመርኩ። የእስረኛ ሸሚዝ ለብሳ ብቻዋን ዳገት ለዳገት የምትሮጥ ልጅ አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔን ነው ያየው። ብርዱ ደግሞ ላብ የሚባል ነገር አይሰጥም! ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። «ጌታ ሆይ፣ እባክህ ያልበኝ፤ ጌታ ሆይ፣ ላብ ስጠኝ» እያልኩ ነበር። በሕይወቴ ከልቤ የጸለይኩት የመጀመሪያ ጸሎት ያ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም የውሸት ማገዣ ነው። በአራተኛው ምልልስ ብብቴ ረጠበልኝ። ሸሚዙን አውልቄ ጨመደድኩትና ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩት።

አዴ ዘይነባ በሯ ላይ ነበረች። «ዘገየሽ እኮ! ቆሽሿል?» አለችኝ። «ቆሽሿል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጇን ስታነሳ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። እትዬ አስካለ ሳፋውን አቅርበው ጠበቁኝ። ሸሚዙን ወሰዱ፣ አሸተቱት። ከወትሮው የቆዩ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቀይ የሆነ ፊቴን፣ ጭቃ የነካውን የቀሚሴን ጫፍ። ነከሩትና ከኮሌታው ጀመሩ። «ስለ አንገቱ ተመስገን» አሉ። «ስለ ክንዱ ተመስገን» አሉ። የደረት ኪሱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ውሃው ላይ፣ እኔ እንዳልሰማው አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ከንፈራቸውን ብቻ አየሁ። ከዚያ ሸሚዙን ጨምቀው አሰጡት።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። እትዬ አስካለ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ይልቅ አበዙት። የጋሽ ደምሴን የስፌት መኪና ከሱቅ ወደ ቤት አስመጥተው በጨርቅ ወለወሉት። ግድግዳውን በእበት ለቀለቁት። ማዕድ ላይ ይቀርባሉ፣ ግን ጉርሻውን ለእኔ ያደርሳሉ እንጂ ራሳቸው አይውጡም። ተመስገን ማለታቸውን አልተዉም፤ ሆኖም ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ይከብዳቸዋል፣ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው። እኔ ደግሞ ውሸቴ የሠራልኝ መስሎኝ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ሁለተኛውን ሸሚዝ እንዴት እንደማቆሽሸው ነበር የማቅደው። አርብ ከሰዓት በኋላ ጥጥ እየፈለቀቅን ሳለ «ነገ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። ዘበኛው ያቺን ቃል ሲላቸው፣ ሰልፉ መሀል ሲወድቁ ታየኝ።

«እትዬ፣ አይሂዱ» አልኳቸው። «ለምን?» አሉኝ፤ እጃቸው ከጥጡ አልተነሳም። መቼም አንዴ ከአፌ ወጥቷል። «ሸሚዙ ንጹሕ ነበር» አልኩ። «ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። ለብሼው ሮጬ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።» እንባዬ አላስቀጠለኝም። እትዬ አስካለ ጥጡን አስቀመጡ። «አውቃለሁ» አሉ። «አስራ ሰባት ዓመት ያጠብኩትን ላብ አላውቀውም? ቅማልም አልነበረውም።» ሳምንቱን ሙሉ አውቀው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ባላቸው እንደሞተ አምነው፣ እኔ እንዳልደነግጥ ዝም ብለው ነው። ከዚያ፣ የልብስ ሰፊ ሚስት ናቸውና፣ ማንም ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ጠየቁኝ። «ንጹሕ ስትዪኝ፣ እኔ እንደተኮስኩት ነው ወይስ እንዴት ነው የነበረው?»

ያየሁትን ነገርኳቸው። ኮሌታው ከላይ እንደነበር፣ እጅጌዎቹ ወደ ጀርባ እንደገቡ፣ ስፌቱ ላይ እርጥበት እንደነበረው። «እኔ እንደዚያ አጥፌ አልላክሁም» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔ ለሁለት አጥፌ ነው የምልከው። ቁልፉስ?» «ተቆልፎ ነበር።» «ሁሉም?» ዓይኔን ጨፍኜ አስታወስኩ። ልለብሰው ስፈታው ጣቴ ለምን ቶሎ እንደጨረሰ ትዝ አለኝ። «የላይኛውና ሦስተኛው ብቻ» አልኩ። እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። የፈለቀቁት ጥጥ ከጭናቸው ወርዶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጋሽ ደምሴ ሰፍተው የጨረሱትን ሸሚዝ ለደንበኛ ሲያስረክቡ እንደዚያ ነበር የሚያጥፉት፤ የላይኛውን ቆልፈው፣ ሦስተኛውን ቆልፈው፣ ሁለተኛውን ለባለቤቱ ይተዉለታል። በከተማው በዚያ ሁሉ በረንዳ እንደዚያ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ሰባት ወር ኖሬ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። «አጥቦታል!» አሉ፤ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ብርቄ፣ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አጥፎ ነው የላከልኝ! አለ! ደምሴ አለ!» ከዚያ ጥጡ ላይ ተንበረከኩ። አዴ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ ሰው የሞተ መስሏት ራሷን ይዛ ስትገባ እትዬ አስካለ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ «ኧረ ምንድን ነው? ሞተ?» ስትል «አጠበ!» አሏት። ምኑም አልገባት፤ ግን አብራ አለቀሰች።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ሄዱ። ካኪው ሸሚዝ እንደ ድሮው ቆሽሾ መጣ። ጋሽ ደምሴ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ተፈቱ፤ ፂማቸው ሸብቶ፣ አንገታቸው ቀጥኖ፣ በእግራቸው መጡ። ገና ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ነው እትዬ አስካለ ስለዚያ ሸሚዝ የጠየቋቸው። ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ ቧንቧ ገብቶ ኖሯል። ዘመዱ ሳሙና ያስገባለት አንድ እስረኛ ቆርሶ ሰጣቸው፤ ያን ቁራሽ ሳሙና ሲያዩ የታያቸው የሚስታቸው እጅ ነው። «በብርድ ስትፈትጊ ሁልጊዜ ይታየኛል። አንድ ሳምንት እንኳ እጅሽ ይረፍ ብዬ ነው» አሉ። ስጦታ መላካቸው ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ከዚያ ግቢ ሲወጣ ለውጭ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አልታሰባቸውም። በሳምንቱ ውሃው ተቋረጠ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፣ ከዚያ የጋሽ ደምሴን ትከሻ በቡጢ መቱ፤ ባልና ሚስት ሲማቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ቅዳሜ አዴ ዘይነባ ግቢ ሳፋ ፊት ተቀምጠው ሲያጥቡ የሰፈሩ ወንዶች ይስቁባቸው ነበር። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱም።

እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሁሉም በደስታ አለቀ፤ ሁሉም ሳቀበት። ያን ሸሚዝ እንደነበረ ይዤው ብገባ ኖሮ ግን እትዬ አስካለ እጥፉን አይተው በዚያችው ቅዳሜ እልል ይሉ ነበር። ለደግነት ብዬ የባላቸውን ስጦታ በትኜ፣ አቧራ አልብሼ፣ የሰባት ቀን ሐዘን አሸከምኳቸው። ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ሊዲያን ወለድኩ፤ ሳፋ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ሳምንት ይመጣል። ኀፍረቱ ሲመጣብኝ እንደ እሳቸው ማመስገን ጀመርኩ፤ የልጄን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጉልበቱን ይዤ ስለ ጉልበቷ፣ የባሌን ኮሌታ ይዤ ስለ አንገቱ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰውን ሸሚዝ ስንት ቀን ሳላጥብ እንዳስቀመጥኩት ለሊዲያም አልነገርኳትም። ያኔ ነው እትዬ አስካለ ያን ሳምንት የተሸከሙት ምን ያህል እንደሆነ በደንብ የገባኝ።

ጋሽ ደምሴ ቀደሙ። እትዬ አስካለ በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውሉ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው፤ ሁለት ዓመት ያህል አብረውን ኖሩ። ገላቸው አልታዘዝ ስላላቸው አንሶላቸውን በየቀኑ እቀይራለሁ። ይሸማቀቁ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አደከምኩሽ» ይሉኛል። አንድ ጠዋት ፀሐይ እንድታገኛቸው አልጋቸውን ወደ በረንዳው አውጥቼ፣ አጠገባቸው ሳፋዬን አቅርቤ አንሶላውን እያሸሁ ሳለ፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ያን ቀን ሸሚዙን ሲያጥቡ፣ ኪሱ ላይ ሲደርሱ፣ ጎንበስ ብለው ምን ነበር ያሉት? ስለ እኔ ተናግረው ለእግዚአብሔር ከሰውኝ ከሆነ ይገባኛል» አልኳቸው። ለመቀለድ ነበር፣ ግን ድምፄ አልቀለደም። ራሳቸውን ትራስ ላይ አዙረው አዩኝ።

«ሸሚዙን ሳሸተው ደምሴ እንደሞተ አወቅኩ፤ ያወቅኩ መሰለኝ» አሉ። «ቀጥዬ ደግሞ የማን ላብ እንደሆነ አወቅኩ። ያን ቀን ፊትሽ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ኪሱ ላይ ስደርስ ስለ ልቡ ማመስገን አቃተኝ። ‹ጌታ ሆይ፣ ባሌን ወስደኸው እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ግን ሰጥተኸኛል፤ ተመስገን› ነው ያልኩት።»

እጄን ከሳፋው ማውጣት አቃተኝ። እናቴን ቦኬ ከቀበርኩ አስር ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«እማዬ» አልኳቸው።

«ወዬ» አሉኝ።